በበረት ውስጥ ያደገው ጉድ
ስለ አንድ የአየርላንድ ፊልምና ስለ እውነተኛው የከብት ተውሳክ

ጭቃ በበዛበት በረት ውስጥ አንዲት እርጉዝ ላም ቆማለች። የጽንሱን ሁኔታ ለማወቅ እጇን ወደ ማሕፀን ያስገባችው የእንስሳት ሐኪም በድንገት ጮኻ ታወጣዋለች። ገና ያልተወለደው ጥጃ ነክሷታል።

ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. «አይሶሌሽን» በሚል ስም ለሕዝብ ከቀረበው የአየርላንድ ፊልም የተወሰደ ነው። ትርጓሜውም «ተነጥሎ መኖር» እንደ ማለት ይሆናል። ጽፎ ያዘጋጀው ቢሊ ኦብራየን ይባላል። ፊልሙ የተሠራው ተመልካችን ለማስፈራራት ቢሆንም፣ ከብት ያረባ ሰው ሲያየው ከአውሬው ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ያገኝበታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዳን የተባለ ብቸኛ ገበሬ ገንዘብ አጥሮት ተቸግሯል። ከብቶች ፈጥነው እንዲያድጉ የሚያደርግ የዘር ምርምር የሚያካሂድ ኩባንያ ክፍያ ያቀርብለታል፤ እርሱም በላሞቹ ላይ ሙከራው እንዲደረግ ይስማማል። የላሚቱ ምጥ ሲጠና ጥጃውን ብቻውን ስቦ ማውጣት ያቅተዋል። በአካባቢው የሚጠራው ጎረቤት ስለሌለው፣ ከሰው ሸሽተው በእርሻው አጠገብ በተጎታች ቤት ወዳደሩ ወጣት ፍቅረኞች ሄዶ እርዱኝ ይላል። ጥጃይቱም ትወለዳለች። ሐኪሟ ስትመረምራት ግን አራሷ ጥጃ ራሷ እርጉዝ ሆና ትገኛለች። በሆዷ ውስጥ ያሉት ጽንሶች አጥንታቸው ከሥጋቸው ውጭ የበቀለ ጉዶች ናቸው። ከነዚህ አንዱ በሕይወት ተርፎ ያመልጣል፤ በጭቃውና በእበቱ መካከል ተደብቆ ያድጋል፤ ከከብት አልፎም ሰውን ይበክላል።

ፊልሙ በአነስተኛ ወጪ የተሠራ ነው። አንድ የእርሻ ግቢ፣ ጥቂት ተዋንያን፣ ጨለማና ጭቃ ብቻ በቅተውታል። አውሬው በደንብ ስለማይታይ የበለጠ ያስፈራል። ከሁሉ የሚልቀው ግን ምንም አውሬ የሌለበት የምጡ ትዕይንት ነው። ጥጃ ስቦ ያዋለደ ሰው ድካሙንና የጊዜውን መርዘም ያውቀዋል። በተጎታች ቤቱ የምትኖረውን ሜሪን ሆና የተጫወተችው ሩት ነጋ መሆኗን ማንሳትም ደግ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት ስትሆን የተወለደችውም በአዲስ አበባ ነው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በወጣው «ላቪንግ» በተባለ ፊልም ለኦስካር ሽልማት እጩ ሆናለች።

ለመሆኑ በአየርላንድ በረት ውስጥ እንዲህ ያለ ፍርሃት ከየት መጣ? ፊልሙ ከመሠራቱ ቀደም ባሉት ዓመታት የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በጎረቤት ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. የእብድ ላም በሽታ ታወቀ። ምክንያቱ ከታረዱ እንስሳት ሥጋና አጥንት የተፈጨ ዱቄት ለከብት መኖ መሰጠቱ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በሽታው በሥጋ በኩል ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ መንግሥት አስታወቀ። በብሪታንያ ብቻ 178 ሰዎች ሞተዋል፤ በሽታውን ለመግታትም ከ4 ሚሊዮን በላይ ከብቶች ተገድለዋል። መኖውን በገንዘቡ ገዝቶ ያበላው ገበሬ በጆንያው ውስጥ ያለው በሽታ አልታየውም። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የአፍተ እግር በሽታ በብሪታንያ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳትን አስጨረሰ። በአየርላንድ ሪፐብሊክ የተገኘው በአንድ ሥፍራ ብቻ ቢሆንም፣ የዱብሊን የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰልፍ ሳይቀር ከመጋቢት ወደ ግንቦት ተዛውሮ ነበር።

እንግዲህ የዳን ጥፋት ገንዘብ መፈለጉ አይደለም። በላሞቹ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚደረግ አላወቀም፤ ውሉን አብሮት የሚያይ ሰው አልነበረውም፤ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን እንደሆነም አልጠየቀም። በዚህ ረገድ ፊልሙ የአየርላንድን ገበሬ እንደ ብቸኛ አድርጎ ማቅረቡ ትንሽ ያጋነነ ይመስላል። በዚያ አገር ገበሬዎች ራሳቸው የመሠረቱት የመጀመሪያው የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር በሊመሪክ አውራጃ፣ ድሮምኮሎገር በተባለ ሥፍራ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. ነው። ዳን የዚህ ዓይነት ማኅበር አባል ቢሆን ኖሮ ፊልሙ በሩብ ሰዓት ባለቀ ነበር።

አጥንቱ ከሥጋው ውጭ የሆነ ተውሳክ በእውን የለም። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ተውሳክ ግን አለ፤ አንዱንም አንባቢ በስሙ ያውቀዋል፤ ኮሶ ነው።

የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ ከ4 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። እንቁላል የያዙ ቁራጮቹ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ፤ አንዳንዴም ራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ይወጣሉ። ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ በሣርና በውኃ ላይ ይበተናሉ። ከብቱ ሲግጥ ይውጣቸዋል። በከብቱ አንጀት ውስጥ ተፈልፍለው በደም በኩል ወደ ሥጋው ይገቡና በትናንሽ ውኃ አዘል ከረጢቶች ውስጥ ይቀመጣሉ። ሥጋው በጥሬው ወይም ለብ ብሎ ብቻ ሲበላ ከረጢቱ በሰው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል። በሁለትና በሦስት ወር ውስጥም አድጎ እንቁላሉን ማውጣት ይጀምራል።

ከዚህ የሚታየው ነገር ከፊልሙ የተገላቢጦሽ ነው። በፊልሙ ከብት ሰውን ይበክላል። በኮሶ ግን አስቀድሞ ከብቱን የሚበክለው ሰው ነው። ከብት ከከብት ኮሶ አይያዝም።

አባቶች የኮሶ ዛፍ አበባ በጥብጠው እየጠጡ ትሉን ያስወጡ ነበር። ብዙ ከጠጡት የሚጎዳ ስለሆነ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኪኒን ይሻላል። ይሁንና መድኃኒት የወሰደ ሰው እንደገና በሜዳ ቢጸዳዳ፣ ጥሬ ሥጋም ቢበላ፣ ዑደቱ ከመነሻው ይጀምራል። ሥጋ እስከ ውስጡ ሲበስል ከረጢቱ ይሞታል። በሜዳ የሚፈሰውን እንቁላል የሚያስቀረው ደግሞ መጸዳጃ ጉድጓድ ነው።

በዚህ ምክንያት የታረደ በሬ በሥጋ ምርመራ ኮሶ ሲገኝበት፣ በሬው ምን በላ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የግጦሹ እረኞች የሚጸዳዱት የት ነው ብሎ መጠየቅ ወደ ምንጩ ያደርሳል።