ጨረታውን አሸነፍኩ፤ ገንዘቡ ግን የእህቴ ነበር

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቷል። እኔ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። ጨረታው ሊዘጋ 4 ደቂቃ ብቻ ቀርቶታል። የምጫረተው ለመሬት ወይም ለመኪና እንዳይመስላችሁ። ከቲክ እንጨት ለተሠራች፣ ከስንዝር ብዙም ለማትበልጥ አሮጌ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓትና “አንድ ብቻ ቀርቷል” የሚል ማስታወቂያ ገዢን እንዴት እንደሚያጣድፉት ቢዝነስ ስማር ተምሬዋለሁ፤ እንጀራዬንም የምበላበት ነው። በዚያች ሌሊት ግን ትምህርቴ አላዳነኝም።

በ2 ዶላር የተጀመረ ፍቅር

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለእረፍት ስትመጣ ለእናታችን አንዲት አሮጌ የእንጨት መፍጫ ይዛ መጣች። ጎረቤቶቿ ያገለገለ ዕቃ ደጃቸው አውጥተው ሲሸጡ በ2 ዶላር የገዛቻት ናት። ቁንዶ በርበሬን በሙቀጫ መውቀጥ የለመደችው እናቴ ፈገግ ብላ ቡፌው ላይ አስቀመጠቻት። እኔ ግን ገልብጬ ሳያት “ፔጆ” የሚል ጽሑፍ አገኘሁ።

ፔጆ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን መኪናው ነው። የፈረንሳዩ ቤተሰብ ግን መኪና ከመሥራቱ በፊት በ1840 እ.ኤ.አ. የቡና መፍጫ፣ በ1874 ደግሞ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ማምረት ጀምሮ ነበር። ምስጢሩ ሆዷ ውስጥ ያለው ብረት ነው። ጠመዝማዛ ጥርሶቹ ፍሬውን መጀመሪያ ይሰነጥቁታል፤ ከዚያ ወደ ታች አውርደው ያደቁታል። እንጨቱ ቢያረጅም ብረቱ ካልዛገ ዛሬም ይፈጫል።

ሌሎች ሰብሳቢዎች ደግሞ የዴንማርካዊውን ዲዛይነር የንስ ክቪስትጎርን ሥራዎች ያሳድዳሉ። በ1954 እ.ኤ.አ. ለተመሠረተው “ዳንስክ” ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት የነደፋቸው የቲክ መፍጫዎች አንዳንዶቹ የቼዝ ንጉሥና ንግሥት ይመስላሉ። እኔም የተሸነፍኩት ለእነዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ሆኜ በዶላር መክፈል ስለማይመቸኝ የምጫረተው በእህቴ ስም፣ በእህቴ ካርድ ነበር። ስምምነታችን ግልጽ ነው፦ ከ40 ዶላር አይበልጥም፤ እኔም ለእናታችን በብር እተካለሁ። በአንድ ዓመት 6 መፍጫ ሰበሰብኩ፤ ውዷ 28 ዶላር ነበረች።

“አንድ ዶላር ምን አላት?”

በዚያች ሌሊት ግን ማንነቱን የማላውቀው አንድ ተጫራች አልለቀኝ አለ። 38 ስል 39 ይላል። 40 ላይ መቆም ነበረብኝ። “አንድ ዶላር ምን አላት?” አልኩና 41 አደረግሁ። ከዚያ በኋላ መፍጫዋን ረሳኋት፤ የማየው ተቀናቃኜን ብቻ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ “አሸንፈዋል!” የሚል መልእክት መጣልኝ። በ95 ዶላር። ከመላኪያው 14 ዶላር ጋር 109።

ለዚህ በሽታ ስም አለው፤ “የአሸናፊው እርግማን” ይባላል። በ1971 እ.ኤ.አ. ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች ስለ ነዳጅ ቦታዎች ጨረታ ጽፈውበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ብዙ ሰው ሲጫረት የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ የዕቃውን ዋጋ ከሁሉም በላይ አጋንኖ የገመተው ነው።

ጠዋት እህቴ ደወለች። የምትሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። “አልተቆጣሁም” አለችኝ። “ግን ይኼ ገንዘብ ታክስ ተቆርጦ የአንድ ሌሊት ፈረቃዬ መሆኑን እወቂ።” ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መፍጫዋ ከሁለት ወር በኋላ በመንገደኛ ሻንጣ ደረሰች። ስፈታት ብረቷ ዝጓል፤ ሰው ጨው ይፈጭባት ኖሯል። ሻጩ ያሳየው የፊቷን ፎቶ ብቻ ነበር፤ እኔም የሆዷን አልጠየቅሁም። እህቴ ለእናታችን የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የምትልከውን ወጪ ዕዳዬ እስኪያልቅ ድረስ እኔ ሸፈንኩ።

ለመጀመር ካሰባችሁ

መሰብሰብ አልተውኩም። ለጀማሪ ግን የምመክረው አለኝ።

የመጨረሻ ዋጋችሁን ጨረታው ሳይጀመር በወረቀት ጻፉ፤ የመላኪያው ዋጋ በውስጡ ይሁን። ብዙ የጨረታ ገጾች ከፍተኛ ዋጋችሁን አንድ ጊዜ እንድታስገቡ ይፈቅዳሉ፤ ሲስተሙ በእናንተ ፈንታ ቀስ እያለ ይጨምራል። አስገቡና ተኙ።

ከሥር የተነሳ፣ ብረቱን በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ። “ይፈጫል ወይ?” ብላችሁም ጠይቁ።

ለቁንዶ በርበሬ በተሠራ የብረት መፍጫ ውስጥ ጨው አትጨምሩ። እንጨቱንም ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ በጨርቅ መወልወል ይበቃዋል።

የገንዘቡ ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ከወሰኑ አንድ ዶላር እንኳ ከማለፋችሁ በፊት ደውሉለት።

ባለፈው እሑድ እናቴ እንቁላል ፍርፍር ላይ ቁንዶ በርበሬ ስትፈጭ አየኋት። ሙቀጫውን ለቅመማ ቅመም አስቀርታ ለገበታ መፍጫ መጠቀም ለምዳለች። የያዘችው ያችን የ2 ዶላሯን ነው። የ109 ዶላሯ አሁንም አትፈጭም፤ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ናት። ከሥሯ “40” የሚል ወረቀት ለጥፌባታለሁ።