ተረት በአህያ ጋሪ

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳንፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ መደርደሪያው ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡ። ቁጭቱ አገር ቤት መለሳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም ሐዋሳ ውስጥ መጻሕፍት የጫነ የአህያ ጋሪ ይዞር ጀመር።

ለልጅ ማንበብ ግን ጋሪ አይጠይቅም።

የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ሲለቅም ጉልበቱ እዚያው ያልቃል፤ የታሪኩ ጣዕም ያመልጠዋል። ሲነበብለት ግን ጆሮው ነጻ ነው፤ ራሱ ገና የማያነበውን ቃል ይሰማል፣ ትርጉሙንም ከታሪኩ ይገምታል። ጅቡን በወፍራም፣ ጦጣዋን በቀጭን ድምፅ ማንበብ ነው። ገጹ ከመገለጡ በፊት «አሁን ምን ታደርግ ይሆን?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መጠበቅም ደግ ነው። «አባዬ፣ ድገምልኝ» የሚል ልጅ አባቱን ያሰለች ይሆናል፤ ቃላቱ የሚጸኑለት ግን በድግግሞሽ ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አሥር ደቂቃ ያጥፉለት።