ባረጀ የተራራ ብስክሌት ላይ የዕቃ መጫኛ ስለ መግጠም

በመካከላችን ብስክሌት ያላቸው ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። አብዛኛው ግን ያገለገለ፣ ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ነው። መጻሕፍትንና ከቤት የተላከ ስንቅን በጀርባ ተሸክሞ መንዳት ወገብን ይጎዳል፤ ክብደቱም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በመታጠፊያ ላይ ሚዛን ያሳጣል። ስለዚህ ዕቃው ከሰው ጀርባ ወርዶ ከብስክሌቱ ላይ እንዲያርፍ፣ ፖርቶመጋላ እንዴት እንደሚገጠም ለጓደኞቻችን ለመግለጽ አሰብን። ምሳሌያችን ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ነው፤ በጣርማበር ቁልቁለት የጸና መጫኛ በሌላውም ይጸናልና።

በመጀመሪያ ቴላዮው ከምን እንደ ተሠራ መለየት ይገባል። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚንየም ነው። ብረቱን የሰፈር በያጅ ሊጠግነው ይችላል፤ አሉሚንየሙን ግን በተራ ብየዳ ማስነካት ብስክሌቱን መግደል ነው። ሞላ የሌላቸው የቀድሞዎቹ የተራራ ብስክሌቶች ለጭነት ከአዲሶቹ ይሻላሉ ብንል ማጋነን አይደለም። በብዙዎቹ ላይ የኋላው ቸርኬ ከፔዳሉ ራቅ ስለሚል፣ የነጂው ተረከዝ ከጭነቱ ጋር አይጋጭም።

ከኋላ ቸርኬ ማሰሪያ አጠገብ፣ በግራና በቀኝ፣ ክር ያለው ትንሽ ቀዳዳ መኖሩን ተመልከቱ። ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ይገባበታል። ክብደቱን የሚሸከሙት በዋናነት እነዚህ ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ከመቀመጫው በታች የሚታሰሩት የላይኞቹ ዘንጎች ሥራቸው መጫኛው እንዳይወዛወዝ መያዝ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያስባል። ላዩን በሽቦ ጠፍሮ፣ ታቹን ባገኘው ብሎን ያስረዋል። በሰንሰለቱ በኩል ያለው ብሎን ደግሞ ጫፉ ወደ ውስጥ ካለፈ ሰንሰለቱን ስለሚነካ፣ በልኩ መቆረጥ አለበት። መንቀጥቀጥ ብሎንን ይፈታል፤ ስለዚህ ሮንዴላ ማስገባት፣ ከመጀመሪያውም ጉዞ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ቀዳዳው ከሌለስ? ቴላዮውን ከቶ አትብሱት፤ የተበሳ ቱቦ ከዚያው ይሰነጠቃል። ከላሜራ ቀለበት አጥፎ፣ ከውስጡ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አድርጎ በብሎን ማጥበቅ ይቻላል። ጎማው ቀለሙን ከመፋቅ ያድናል፣ ቀለበቱንም ከመንሸራተት ይይዛል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት የታሰረ መጫኛ ላይ ከ10 ኪሎ በላይ ባይጫን እንመክራለን። በደንብ የተገጠመውም ቢሆን በላዩ ከተጻፈው ልክ ማለፍ የለበትም፤ በብዙዎቹ ላይ የሚነበበው 25 ኪሎ ነው።

ጭነቱን በሁለት ከረጢት ከፍሎ በግራና በቀኝ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል፣ ከላይ ከመቆለል እጅግ ይሻላል። የማሰሪያው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቸርኬ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው። የተንጠለጠለ ገመድ ከልክ በላይ ከሆነ ጭነት ይልቅ ሰው ይጥላል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። ጣርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ነጂው 60፣ ብስክሌቱ 15፣ ጭነቱ 20 ኪሎ ቢሆን፣ በየ100 ሜትሩ ዝቅታ ወደ 93,000 ጁል የሚጠጋ ኀይል ይለቀቃል፤ ፊዚክስ የሚማሩ ጓደኞቻችን ሊያሰሉት ይችላሉ። ነፋሱ ያልወሰደውን የሚቀበለው ፍሬኑ ነው። የቸርኬውን ጠርዝ የሚይዝ ፍሬን ሳይለቀቅ ከቆየ ጠርዙ ይግላል፣ ከመነዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ በየመካከሉም ቆም ብለው እያቀዘቀዙ መውረድ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) የተሠራው የጣርማበር ዋሻ አለ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ጉሙም ብዙ ጊዜ ከደጃፉ አይጠፋም። ጭነት የኋላውን አንጸባራቂ ስለሚሸፍነው፣ አንጸባራቂውንና መብራቱን ነቅሎ ከመጫኛው ጫፍ ላይ ማሰር ግዴታ ነው። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ነጂ የሚያየው እርሱን ብቻ ነውና።

ደብረ ሲና ደርሶ ቆሎ ለመግዛት ሲቆም፣ ብሎኖቹን ሁሉ በቁልፍ መሞከር አይረሳ። ሽቅቡን በዚያው ጭነት ልመለስ ለሚል ግን፣ እኛ አይሱዙ መጠበቁን እንመርጣለን።