ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ስንት ሊትር?

ሞተር ሳይክል ሻጭ «በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ የሚያወራው ግን ስለ ሜዳ መንገድ ነው። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ውስጥ ሜዳ የሚገኘው ዳገቱን ከጨረሱ በኋላ ነው። የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ዓለም ከተማ ለመግባትም ሆነ ከቆላ ተነስቶ መሐል ሜዳ ለመድረስ መጀመሪያ ሽቅቡን መግፋት ግድ ይላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ያለበት ጣርማ በር 3,200 ሜትር ይጠጋል። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽቅቡ ግን ወደ 1,900 ሜትር ነው። ሞተሯ፣ ነጂው፣ ከኋላ የተፈናጠጠውና ዕቃቸው ተደምረው 260 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ያንን ሁሉ እዚያ ለማውጣት ብቻ 4.8 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይዟል፤ ትንሽ ሞተር ግን ጎማው ላይ የሚያደርሰው ቢበዛ አንድ አምስተኛውን ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ለመውጣቱ ብቻ ሦስት ሩብ ሊትር ይቃጠላል። ሜዳ ላይ ለ45 ኪሎ ሜትር የሚበቃው 1.1 ሊትር ሲጨመርበት 1.9 ይጠጋል። 40 የተባለው 24 ሆነ ማለት ነው። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ጥቂቱን ይክሳል እንጂ ሁሉን አይመልስም፤ ጉልበቱን ፍሬን ይበላዋል። ሞተር አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ ደግሞ ለጥቂት ጠብታ ሲባል ነፍስን ማስያዝ ነው።

አየሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር መንዝ ጓሳ ላይ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ሊወፍርበት ይችላል። ጉልበቱ ይደክማል፣ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል። መካኒክ የቤንዚን መውጫዋን ቀዳዳ በጠባብ ሊቀይር ይችላል፤ ሞተሯ ያለ ለውጥ ወደ ቆላ ከወረደች ግን ድብልቁ ይሳሳና ትግላለች። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት አዳዲሶቹ ግፊቱን ራሳቸው እየለኩ ያስተካክላሉ።

የቤንዚን ጌጁስ? ታንክ ውስጥ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲጎድል እሱም ይወርዳል፤ ክንዱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን ይለውጣል፤ መርፌዋ ትንቀሳቀሳለች። የሚለካው እንግዲህ በአንድ ቦታ ላይ ያለውን የቤንዚን ከፍታ ነው፤ ሊትሩን አይቆጥርም። ታንኩ ሳጥን ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ብዙም ባላስቸገረ። ግን በበቅሎ ግራና ቀኝ እንደተጫነ ስልቻ የሞተሯን አጥንት አቅፎ የተቀመጠ ነው፤ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ሁለት ጠባብ ኪስ። ስለዚህ መርፌዋ መጀመሪያ ላይ ዝግ ትላለች፣ ታች ስትደርስ ትጣደፋለች። ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይመጣል፤ መርፌዋም አብራ ትዋሻለች። በጎን መቆሚያዋ ጋደል ብላ የቆመች ሞተር ላይ ጌጅ ማንበብም ያው ነው።

ሞተሯ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ስትል፣ ያወቀበት ነጂ ወርዶ ክዳኑን አጥብቆ ወደ ግራ ያጋድማታል። በብዙዎቹ ሞተሮች የቤንዚኑ መክፈቻ በግራ ነው፤ ቀኝ ኪስ ውስጥ የቀረው ሲንቆረቆር ይሰማል። ካልተነሳች የክዳኑን መተንፈሻ ቀዳዳ ማየት ነው። ጭቃ ከደፈነው አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ አይወርድም፤ ሙሉ ታንክ ባዶ ይመስላል።

ከጌጁ ይልቅ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይታመናል። ሞተሯን ቀጥ አድርጎ እስከ አፉ መሙላት፣ የተለመደውን መንገድ መሄድ፣ እንደገና እስከ አፉ ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን ለገባው ሊትር ማካፈል። ግን መውጫውንና መውረጃውን ለየብቻ፤ አማካዩ ዳገቱን ይደብቃል።

ሪዘርቭም የሚሠራው በከፍታ ነው። መክፈቻው ውስጥ አንድ ረጅምና አንድ አጭር መሳቢያ አለ። ቤንዚኑ ከረጅሙ አፍ በታች ሲወርድ ሞተሯ ትንገዳገዳለች፤ ወደ ሪዘርቭ ሲዞር አጭሩ የታችኛውን ይስባል። ማደያ ደርሶ ሞልቶ መክፈቻውን ሳይመልስ የሚወጣ ብዙ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ሞተሯ አትንገዳገድበትም፤ የምትቆመው የመጨረሻዋ ጠብታ ስታልቅ ነው፤ ያኔ ግሼ ራቤል መንገድ ላይ ከሆነ የሚዞርበት ሌላ መክፈቻ የለውም።