አገር ሲጠግብ ቀበሌ ሲራብ፦ የመንግሥትን ስታቲስቲክስ እንዴት እናንብብ?



የአገራችን ኢኮኖሚ በዚህን ያህል ከመቶ አደገ፣ ምርቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ደረሰ፣ የዋጋ ግሽበቱ ዝቅ አለ የሚል ዜና ዘወትር እንሰማለን። ዜናውን የሰማ የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ ቁጥሩን እንዳለ ተቀብሎ «አገር ሞልቷል» ይላል። ሌላው ገበያ ወጥቶ የበቆሎን ዋጋ ይጠይቅና «ይህ ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። በልማት ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች ግን ሁለቱም መንገድ ጉዳት እንዳለው እናያለን። ቁጥሩን በጭፍን ያመነ ጐረቤቱ ሲራብ አያይም፤ ቁጥሩን የናቀ ደግሞ ለተራበው ጐረቤቱ የሚከራከርበት ማስረጃ አይኖረውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝና ምን እንደሚያመልጠው፣ የ2000 ዓ.ም.ን ችግር ምሳሌ አድርገን እናስረዳለን።

በ2000 ዓ.ም. ምን ሆነ?

በዚያ ዓመት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ያወጣው የመኸር እህል ግምት ከ150 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ነበር። ይህም ካለፉት ዓመታት የላቀ ነው። በመንግሥት አኃዝ መሠረት ኢኮኖሚው ከመቶ 10 በላይ አድጓል። በወረቀት ላይ ሲታይ ዓመቱ የጥጋብ ዓመት ነበር።

በእኛ አካባቢ ግን የበልጉ ዝናም ቀረ። ከመኸር እስከ መኸር ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው ስኳር ድንች ደረቀ። የእህል ዋጋ ከወር ወር ዘለለ፤ ሐምሌ ላይ የአገሪቱ አጠቃላይ ዋጋ ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 60 በላይ ጨምሮ ነበር። በሐዲያ፣ በከምባታ ጠምባሮና በወላይታ እጅግ የከሱና ሰውነታቸው ያበጠ ሕፃናት ወደ ሕክምና መመገቢያ ጣቢያዎች ይመጡ ጀመር። ዝናሙ ዘግይቶ ስለ ጣለ ማሳው ለምልሞ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን የሚበላ ፍሬ ገና አልያዘም ነበር። ብዙዎች «አረንጓዴ ረሃብ» ያሉት ይህን ነው። የአስቸኳይ እርዳታ ፈላጊዎች ቁጥር በመላ አገሪቱ መጀመሪያ ላይ 2.2 ሚሊዮን ተብሎ የነበረው፣ በሰኔ 4.6 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. 6.4 ሚሊዮን ሆነ።

እንግዲህ ከፍተኛ ምርት በተመዘገበበት ዓመት እንዲህ ያለ ረሃብ እንዴት ደረሰ? የኢኮኖሚ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። አንዳንዶች የምርቱ ግምት ከእውነቱ በልጦ ነበር አሉ። ሌሎች በአገር ውስጥ የተዘዋወረው ገንዘብ ስለ በዛ ነው፣ የዓለም የእህል ዋጋም በዚያው ጊዜ ስለ ናረ ነው አሉ። ክርክሩን ለእነርሱ እንተወውና አንድ ነገር ልብ እንበል፦ የአገሪቱ ጠቅላላ ቁጥር ትክክል ቢሆን እንኳ ባደዋቾ ሊራብ ይችል ነበር። ምክንያቱ ከአቆጣጠሩ ይታያል።

እህሉ እንዴት ይቆጠራል?

የገበሬውን እህል ሁሉ በሚዛን ላይ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ጥናቱ የሚካሄደው በናሙና ነው። አገሪቱ በቆጠራ ጣቢያዎች ትከፈላለች፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ በዕጣ ይመረጣሉ፤ በተመረጠው ጣቢያ ያሉት ገበሬዎች ይመዘገቡና ከእነርሱም ጥቂቶች ይወጣሉ። ማሳቸው ይለካል። ከዚያም በማሳው ውስጥ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ቦታ ተከልሎ እህሉ ሲደርስ ይታጨዳል፤ ይወቃል፤ ይመዘናል። ከእርሱ ተነሥቶ የሄክታሩ፣ ከሄክታሩም የአገሩ ምርት ይሰላል።

ዘዴው በዓለም ሁሉ የታወቀና መልካም ነው። ሆኖም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ የታጨደው ቦታ ግን 16 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ የተፈጠረ የግማሽ ኪሎ ስሕተት በሄክታር ሲሰላ ከሦስት ኩንታል በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ስሕተት በየጣቢያው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ድምሩ ብዙ ሚሊዮን ኩንታል ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሌላ በእኛ አካባቢ ላይ የሚጠነክሩ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ዋናው ጥናት የሚመለከተው መኸርን ነው፤ የበልግ ምርት ለብቻው ይጠናል። በአገር ደረጃ የበልግ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ፣ በልግ ቢጠፋም ጠቅላላው ድምር ብዙም አይነቃነቅም። በልግን ጠብቆ ለሚኖር ቤተሰብ ግን በልግ ጠፋ ማለት የጓዳው ግማሽ ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ እንሰት አለ። እንሰት እንደ ጤፍ በአንድ ወር ታጭዶ ጎተራ አይገባም። ተተክሎ ዓመታት ይቆያል፤ ቤተሰቡ ሲቸገር ይቆረጣል፤ ቆጮውም ቡላውም በአብዛኛው በቤት ይበላል። በችግር ጊዜ ያልደረሰ እንሰት ሲቆረጥ የዚያ ዓመት «ምርት» እንዲያውም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የሚቀጥሉት ዓመታት ስንቅ ግን አልቋል።

ሦስተኛ፣ አማካይ የሚሸፍነው ነገር አለ። ደጋው ዶዮገናና አንጋጫ በእንሰት፣ በገብስና በድንች ሲኖር፣ ዝቅ ያለው የባደዋቾ አገር በበቆሎና በስኳር ድንች ይኖራል። አንዱ ሦስት ኩንታል ቢያገኝ፣ ሌላው ምንም ባያገኝ፣ አማካዩ አንድ ኩንታል ተኩል ይላል። አንድ ኩንታል ተኩል ያገኘ ሰው ግን ከሁለቱ አንድም የለም።

ዋጋና ድህነት

የዋጋ ግሽበትን ብዙ ሰው የሚረዳው በስሕተት ነው። ቆጣሪዎች በየወሩ ገበያ ወጥተው የአንድ ቤተሰብ ዘንቢል የሚይዘውን ይጠይቃሉ፦ እህል፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ጋዝ፣ የቤት ኪራይና የመሳሰለውን። ዛሬ የሚፈጀው ከዓምናው ጋር ይነጻጸራል። ዘንቢሉ ዓምና 100 ብር ከነበረና ዘንድሮ 160 ከሆነ ግሽበቱ ከመቶ 60 ነው። በሚቀጥለው ዓመት 176 ብር ቢሆን «ግሽበቱ ወደ ከመቶ 10 ወረደ» ይባላል። ዜናው እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋጋው አልወረደም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ብቻ ቀነሰ። ደመወዙ 100 ብር ላይ የቀረ የቀን ሠራተኛ ይህ ዜና አያጠግበውም። ደግሞም ድሀ ቤተሰብ ከገቢው አብዛኛውን የሚያወጣው ለእህል ስለሆነ፣ የእህል ዋጋ ከሌላው በፈጠነ ጊዜ የእርሱ ግሽበት ከታወጀው በላይ ነው።

የድህነቱ አኃዝ ደግሞ የሚገኘው ቤተሰቦች ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚያወጡ ከሚጠይቅ ሰፊ ጥናት ነው። መስመሩ የተሠመረው አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ እንዲያገኝና ሌሎች መሠረታዊ ፍላጎቶቹን እንዲሸፍን ነው። ከመስመሩ በታች የሆነው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከመቶ 45.5፣ በ1992 ከመቶ 44.2፣ በ1997 ከመቶ 38.7፣ በ2003 ከመቶ 29.6፣ በ2008 ከመቶ 23.5 ነበር። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ በደስታ ልንቀበለው ይገባል። ነገር ግን ዓመታቱን እንመልከት፤ ከ1997 ቀጥሎ ያለው 2003 ነው። የ2000ው መከራ በሁለቱ መካከል ስለ ወደቀ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚነሣ ፎቶግራፍ በመካከሉ ያለቀሰውን ሕፃን አያሳይም።

ስንት ነን?

«ነፍስ ወከፍ» የሚለው ቁጥር ሁሉ የሚመሠረተው በሕዝብ ቆጠራ ላይ ነው። በአገራችን ሦስት ጊዜ ቆጠራ ተደርጓል። የ1976ቱ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ገደማ፣ የ1987ቱ 53.5 ሚሊዮን፣ የ1999ኙ ወደ 73.8 ሚሊዮን ሕዝብ አሳየ። አራተኛው በ2010፣ ኋላም በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ተላልፏል። ስለዚህ ከ1999 ወዲህ የምንሰማው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ በስሌት የተገመተ ነው።

የ1999ኙ ቆጠራ ስለ እኛ የነገረን ነገር አለ። ሐዲያ ዞን 1,231,196፣ ከምባታ ጠምባሮ ዞን 680,837 ሕዝብ ነበራቸው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሐዲያ 343 ያህል፣ በከምባታ ጠምባሮ 502 ያህል ሰው ሰፍሯል፤ የአገሪቱ አማካይ ግን 70 አይሞላም ነበር። የመሬቱን ጥበት፣ የወጣቱንም ስደት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቁጥር የለም። የሆሳዕና ከተማ ሕዝብም ከ1987 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ከ31,701 ወደ 69,995 ደርሷል።

የዞንን ቁጥር ከዓመት ዓመት ስናነጻጽር ወሰኑን እንጠይቅ። አካባቢያችን ቀድሞ በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በኋላ በደቡብ ክልል፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ጠምባሮም ከከምባታ ተለይቶ ልዩ ወረዳ ሆኗል። ወሰኑ ተለውጦ የቀነሰውን ሕዝብ «ተሰደደ» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ይሆናል።

ከውጭ የሚላከው ገንዘብ

በሆሳዕና ፎቅ ሲሠራ የሚያይ እንግዳ ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ሁላችን እናውቃለን፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ ልጆቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ልጁ በጆሃንስበርግ ሱቅ የሚያመርተው ገቢ የሚቆጠረው በዚያ አገር ምርት ውስጥ ነው። የሚልከው ገንዘብ በባንክ ከመጣ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ይገባል፤ በሰው እጅና በሐዋላ ከመጣ ግን በቀጥታ አይታይም። ግንበኛው ደመወዝ ሲቀበል፣ ብሎኬት ሲሸጥ ብቻ የእኛ አገር ምርት ሆኖ ይቆጠራል። የመንገዱ ዋጋ ደግሞ ከየትኛውም ዕድገት ላይ ተቀንሶ አያውቅም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተገልጿል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለፕሮጀክት ሠራተኞች፦ ቁጥር ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ምን ተቆጠረ? መቼ ተቆጠረ? ለማን ተካፈለ? በሪፖርታችሁም የዞኑን አማካይ ብቻ አትጻፉ፤ የቀበሌውን ሁኔታ ከጐኑ አስቀምጡ።

ለምእመናን፦ መረጃ ሰብሳቢ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ እውነቱን ንገሩት። «ግብር ሊጨምሩብን ነው» ብሎ ማሳውን የሚያሳንስ፣ «እርዳታ ይበዛልናል» ብሎ ቤተሰቡን የሚያበዛ፣ ሁለቱም ነገ የራሱ ቀበሌ የሚታወቅበትን መዝገብ ያበላሻሉ።

ለአጥቢያዎች ሁሉ፦ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በየሳምንቱ በገበያ ቀን የበቆሎን፣ የቆጮንና የስኳር ድንችን ዋጋ ጻፉ። ከዚህም ጋር የአንድ በግን ዋጋ ጻፉ፤ እህል ሲወደድ በግ ከረከሰ ሰዎች በችግር እየሸጡ ነው ማለት ነው። በልግ ዝናም የጀመረበትን ቀን መዝግቡ። ያልደረሰ እንሰት መቁረጥ ሲበዛ ጻፉ። ከጤና ኬላው ሠራተኞች ጋር እየተገናኛችሁ የከሱ ሕፃናት ቁጥር መጨመሩን ጠይቁ። ይህን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የአገሪቱ ዓመታዊ ሪፖርት ታትሞ እስኪወጣ ወራት ያልፋሉ፤ ሕፃን ግን ወራት መጠበቅ አይችልም።