ማሽላ ሌሊቱን ይቆጥራል

በሐረርጌና በድሬዳዋ ዙሪያ በሚያዝያ የሚዘራው የአገር ማሽላ ክረምቱን ሙሉ ቅጠልና አገዳ ሲያበዛ ይከርማል። ዛላ የሚያወጣው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ለመሆኑ ወሩን ማን ነገረው?

የነገረው ሌሊቱ ነው። በድሬዳዋ የሰኔ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይረዝማል፤ የታኅሣሡ ግን ከ11 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ልዩነቱን እኛ ልብ አንለውም፣ ማሽላው ግን አይስተውም። በቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃንን የሚለይ ንጥረ ነገር አለ። ጨለማው እየረዘመ ሲሄድ ተክሉ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ አበባ ይዞራል። ስንዴና ገብስ በተቃራኒው ቀን ሲረዝም ይፈጥናሉ።

ከኢትዮጵያ የሄደ ማሽላ በአሜሪካ ቴክሳስ ሲዘራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እዚያ የበጋው ቀን 14 ሰዓት ስለሚደርስ አገዳው እንደ ሸንበቆ ይመዘዛል እንጂ በጊዜው ዛላ አይዝም። ስለዚህ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች በፖርቶ ሪኮ ደሴት ቶሎ ከሚደርስ ዘር ጋር ያዳቅሉት ጀመር።

ታዲያ ይህ አሁን ለምን ተነሣ? ከተማው ወደ ማሳው እየቀረበ ስለሆነ ነው። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ነፃ የንግድ ቀጣና ሆኗል። ሥራ መምጣቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካና መንገድ ባለበት ሁሉ አምፖል ሲበራ ያድራል። በጃፓን ሩዝ፣ በአሜሪካ አኩሪ አተር በመንገድ መብራት አጠገብ ሲበቅሉ መዘግየታቸው ታይቷል። ሁለቱም እንደ ማሽላ ሌሊት ቆጣሪዎች ናቸው። የዘገየ ማሽላ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል፤ የጎረቤት ማሳ ታጭዶ ሲያልቅ ደግሞ ወፉ ሁሉ በእሱ ላይ ይሰፍራል። አንድ ጥግ ብቻ ሲዘገይ ሰው ዘሩን ወይ አፈሩን ይወቅሳል እንጂ አምፖሉን ማን ይጠረጥራል?

መፈተኛው ቀላል ነው። ማታ ማሳው መካከል ይቁሙና ይህን ጋዜጣ ይግለጡ። በአምፖሉ ብርሃን ፊደሉ ከተነበበ ማሽላውም ብርሃኑን ያየዋል ማለት ነው። ጨረቃ ደካማ ስለሆነች እሷን አይፍሩ።

በዚያ ጥግ የመልካሳ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው፣ በአራት ወር ገደማ ከሚደርሱት መልካምና ተሻለ አንዱን መዝራት ይሻላል፤ እነዚህ እንደ አገሩ ዘር ሌሊት አይጠብቁም። የአገሩን ማሽላ ከመብራቱ ራቅ አድርጉት፤ አገዳው ለከብትም ለማገዶም ስለሚያስፈልግ ጨርሶ አይተውም። መብራቱ ቆብ ተደርጎለት ወደ ግቢው እንዲያዘነብል በማኅበር ሆኖ መጠየቅም ይቻላል። ይህ ከሚያዝያ በፊት ቢሆን ነው የሚጠቅመው።