«በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

ባለፈው ዓመት ትምህርት እንደተዘጋ አራት የማኅበራችን ልጆች ሆነን በሰሜን ካሊፎርኒያ ሎስት ኮስት የተባለውን የባሕር ዳር መንገድ በሦስት ቀን በእግር ተጉዘን ነበር። እንዴት እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁን፣ ትልቅ ስሕተት ልንሠራበት ስለነበረው ስለ ሦስተኛው ቀን ልጻፍላችሁ።

መንገዱ ከማቶል እስከ ብላክ ሳንድስ የባሕር ዳርቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 1,246 ሜትር ከፍታ ያለው ኪንግ ፒክ ከውቅያኖሱ የሚርቀው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ተራራው ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ዳርቻውን ተከትሎ የሚመጣው አውራ ጎዳና እንኳ እዚህ ሲደርስ ባሕሩን ትቶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እግረኛው የሚሄደው በገደሉና በውሃው መካከል ባለችው አሸዋና ድንጋይ ላይ ነው። ውሃው ሲሞላ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ እሷም አትገኝም። እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት እንዲህ ያሉ ክፍሎች አሉ።

ጣና ወይም ሐዋሳ ዳር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ሐይቅ ማታ እንደተዋችሁት ጠዋት ይጠብቃችኋል። ውቅያኖስ ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ፈረንጆቹ ታይድ የሚሉት ይህንን ነው። በዚያ ዳርቻ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከጉድለት እስከ ሙላት በአማካይ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ቢግ ፍላት ሰፍረን ሳለ አንዱ ጓደኛችን የሼልተር ኮቭን የታይድ ሰንጠረዥ አይቶ «ነገ ውሃው የሚጎድለው ሰባት ሰዓት ላይ ነው» አለን። «ታዲያ ምን አስቸኮለን? ቡናችንን ጠጥተን አምስት ሰዓት ላይ እንነሳለን» ተባብለን ወደየድንኳናችን ገባን። ትንሽ ቆይታ፣ የስልኳን ደወል የምትሞላው ልጅ ከድንኳኗ ሆና «ቆይ፣ ሰባት ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» አለች።

በፈረንጅ ነበር። ማለትም በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

በሐበሻና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። ውሃው ከጉድለት ወደ ሙላት ለመድረስ የሚፈጅበትም 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ያምታታ ሰው ትንሽ አይዘገይም፤ ውሃው ጎደለ ብሎ የሚገባው ልክ ሲሞላ ነው። በዚያ ክፍል ከጥቂት የጅረት አፎች በቀር ከገደሉ ሥር መሸሻ የለም።

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ በባትሪ መብራት ድንኳን ነቅለን ተነሳን። 2 ሰዓት ሲሆን ጊቸል ጅረት ደርሰን ከአደገኛው ክፍል ወጣን፤ ቡናችንንም እዚያው አፍልተን ጠጣን። 5 ሰዓት ላይ፣ ልንነሳበት ባሰብነው ሰዓት፣ ወደ ኋላ ዞረን ስናይ በጠዋት የረገጥነው አሸዋ የለም፤ ሞገዱ ገደሉን ይመታል። ለጥቂት ደቂቃ ማንም አልተናገረም።

ለመሄድ ለምታስቡ፦

ሰዓቱን ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ቃል ጨምሩ። ሰንጠረዡ የበጋውን የሰዓት ለውጥ ማካተቱንም አረጋግጡ።

አሸዋና ክብ ድንጋይ ጉልበት ይጨርሳል፤ ለ6 ኪሎ ሜትር እስከ 3 ሰዓት መድቡ። ውሃው እየሸሸ ሳለ ግቡ እንጂ እየመጣ ሳለ አትግቡ።

ሰንጠረዡ የሞገዱን ጉልበት አይነግራችሁም። ባሕሩ የተቆጣ ቀን ውሃው ጎድሎም ቢሆን መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል የአየር ትንበያውን እዩ፤ ፊታችሁንም ከባሕሩ አታዙሩ።

ፈቃድና ድብ የማይከፍተው የምግብ መያዣ ግዴታ ናቸው።

ዘንድሮም መሄዳችን አይቀርም፤ መምጣት የምትፈልጉ ንገሩን። የመገናኛ ሰዓት ስንቀጥራችሁ ግን «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ መጠየቅ አትርሱ።